ማንም ያልነፋው ፍሉት

የከተማችን ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ጎረቤቴን «ጋሽ ስስ» ይሉት ነበር። ስሙን ያወጣለት ክላርኔት ነፊው ነው። ጎረቤቴ ወደ ሥራ ክፍሉ የሚገባን ሰው ሁሉ፣ ገና ሰላምታ ሳይሰጥ፣ «ስስ አድርገህ ያዘው» ይላል። የሚያዝ ነገር ባይኖር እንኳ በሩ ስስ ተደርጎ እንዲዘጋ ይፈልጋል። ስሙ ተለጠፈበት፤ እሱም አልጠላውም።

ሥራው ፍሉት መጠገን ነበር፤ ከፍሉትም ውስጥ ሌላው ሰው ዞር ብሎ የማያየውን ፓዱን መንከባከብ። ፍሉት የብረት ቱቦ ነው፤ በላዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ በየቀዳዳው ላይ ክዳን የሚመስል ቁልፍ ይወርድበታል። በክዳኑ ሆድ ውስጥ ከተዳመጠ ሱፍ የተቆረጠ፣ በስስ ሽፋን የተለበጠ፣ ከካፖርት ቁልፍ የማይበልጥ ክብ ነገር ተቀምጧል። ፓድ የሚሉት እሱን ነው። ሽፋኑን የዓሣ ቆዳ ይሉታል እንጂ ከዓሣ የመጣ አይደለም፤ የበሬ አንጀት ልባስ ነው። «ሆዱን የሰጠው በሬው፣ ስሙ የተጠራለት ዓሣው» እያለ ይስቅ ነበር ጋሽ ስስ፤ «እኔም መሥሪያ ቤት እንደዚሁ ነኝ።»

ሰው ሲነፋ ከትንፋሹ የሚወጣው እርጥበት ፓዱ ላይ ያርፋል። ነፊው ሻይ በስኳር ጠጥቶ ከሆነ ሲደርቅ ይጣበቃል። የተጣበቀ ፓድ ሲላቀቅ «ጪ» የምትል ድምፅ ያሰማል፤ ሕፃን ጉንጭ ላይ ሲሳም እንደሚሰማው ዓይነት። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አይሰማትም። ጋሽ ስስ ግን ክፍሉ ከመድረኩ ሥር ስለነበረ በጣሪያው በኩል ይሰማት ነበር። ልምምድ ሲያበቃ ነፊው ገና ደረጃውን ሳይወርድ፣ «የግራ እጅ ትንሿ ጣት፤ አምጣት» ብሎ ይጠብቀዋል።

ክፍሉ ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው። የማሞቂያ ቧንቧ በግድግዳው ላይ ያልፋል፤ ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ተነጥፏል፤ መስኮቱ ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል በመሆኑ ጫማ እንጂ ሰው አይታይበትም። ከተማውን በጫማ ነበር የሚያውቀው። «ያ ባለ ቡናማው ዛሬም አርፍዷል» ይለኛል፤ ፊቱን ቢያይ ግን አያውቀውም።

ፓድ የሚያጸዳው በሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ነው። በዕድሜው አንድ ሲጋራ አጭሶ አያውቅም። የሱቁ ባለቤት ግን ይህ ሽማግሌ በየሳምንቱ ወረቀት እንጂ ትምባሆ የማይገዛው ምን ቢያጨስ ነው ብሎ ሲጨነቅ ከርሞ፣ አንድ ቀን ጠጋ አለውና፣ «አባቴ፣ ግድ የለም፣ ለማንም አልናገርም፤ ብቻ ለሳንባዎ ይጠንቀቁ» አለው። ሚስቱ ይህን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታወራዋለች። «እኔ እኮ ሱሰኛ ነው ያገባሁት» ትላለች፤ «ቤቱን ጥሎ እንዳይሄድ እንጂ ወረቀቱንስ ያጭስ።»

ወረቀቷን ከፓዱ ሥር ያስገባል፤ ቁልፉን ዝቅ አድርጎ እስከ ሦስት ይቆጥራል፤ ይለቃል፤ ቁልፉ ተነሥቶ ሲያበቃ ወረቀቷን ያወጣል። እርጥበቱን ጠጥታ ቢጫ ክብ ይዛ ትወጣለች። ቁልፉን እንደተጫኑ ወረቀት መጎተት በእሱ ዘንድ ወንጀል ነው፤ ሽፋኑ ይላጣል። ፓውደር መነስነስ ከዚያም ይብሳል፤ ለአንድ ቀን ያላቅቅና ለዓመት ያጨቀያል። አንድ ወጣት ነፊ ፓውደር ነስንሶ ሲመጣ፣ «ይሄ የተሠራው ለሕፃን ቂጥ ነው ልጄ፤ ተሳስተህ ነው» ብሎ መልሶታል።

ጽዳቱ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ መግጠሙ ነው። ፓዱ የቀዳዳውን ዙሪያ እኩል መንካት አለበት። በአንድ ጎን የፀጉር ያህል ክፍተት ከቀረ ትንፋሽ ይሾልካል፤ ነፊው ክፍተቱን ለመድፈን ጣቱን አጥብቆ መጫን ይኖርበታል። ክፍተቱ በዓይን አይታይም። ጋሽ ስስ ከዚያው ወረቀት የስንደዶ ያህል ቀጭን ቁራጭ ይቆርጥና ከፓዱ ጠርዝ ሥር ያስገባዋል። በአንድ ጣት ቁልፉን ላባ እንደሚነካ ይነካዋል፤ በሌላው እጁ ቁራጩን ቀስ ብሎ ይስባል። ያዝ ካደረገው ገጥሟል፤ ሸርተት ብሎ ከወጣ አልገጠመም። ያን ጊዜ ፓዱን ያወጣና ከሥሩ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ወረቀት ያነጥፍለታል፤ ይመልሰዋል፤ ደግሞ ይስባል። በአንድ ፍሉት ላይ መቶ ጊዜ። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው «ላባ እንደሚነካ» በምትለው ላይ ነው። የሚነካው ጣት ከከበደ ወረቀቱ በየጎኑ ያዝ ያደርጋል፤ ያልገጠመው የገጠመ ይመስላል።

ከዚህ ሌላ አንድ ዕውቀት ነበረው፤ እኔ አርባ ዓመት ፍልስፍና ሳስተምር ያላገኘሁት። ፓድ ላይ የቀዳዳው ጠርዝ ክብ መስመር ያትማል። አጥብቆ የሚጫን ሰው መስመሩን ጉድጓድ ያደርገዋል፤ ቀለል አድርጎ የሚነካው ጥላ ብቻ ይተዋል። ጋሽ ስስ ቁልፉን ፈትቶ መስመሩን አይቶ ሰውየውን ይናገራል።

«ይኼ ሰው ሚስቱን ፈቷል» አለ አንድ ቀን፣ የሁለተኛውን ፍሉት ነፊ ፓድ እያየ።

ክላርኔት ነፊው ተቀምጦ ነበርና ሳቀ። «ጋሽ ስስ፣ እሱ እኮ የዛሬ ወር ነው ያገባው!»

«እንግዲያው ይፈታል። ተመልከት፣ ቀለበት ጣቱ እንዴት እንደሚረግጥ።»

በዓመቱ ሰውየው ፈታ። ክላርኔት ነፊው ከዚያ ወዲያ የራሱን መሣሪያ ለማሳየት ፈራ፤ «የእኔን ተወው፣ ሚስቴን እወዳታለሁ» እያለ ደጅ ላይ ይቆማል።

አንዲት ልጅ ነበረችው። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት ከተጣሉ ፍሉቶች ዕቃ እየለቃቀመ አንድ ፍሉት ሠራላት፤ በሠላሳ ዓመቷ የዚያው ኦርኬስትራ የመጀመሪያ ፍሉት ነፊ ሆነች። አባትየው ከመድረክ ሥር፣ ልጅቱ ከመድረክ በላይ። «እናቴ» ነው የሚላት፤ ሲቆጣ እንኳ «እናቴ» ነው። የእሷን ፓድ ሲያሳየኝ ድምፁ ይለወጥ ነበር። «እየው መምህር» ይለኛል፤ «እንቅልፍ ጉንጭ ላይ የሚተወው የትራስ መስመር አለ አይደል? ፊት ሲታጠቡ የሚጠፋው። የእሷ እጅ እንደሱ ነው። ስድስት ወር ነፍታው እኮ ነው!» እኔ ሁልጊዜ ክብ ሱፍ ብቻ ነው የማየው። እሱ ግን ልጁን ያይ ነበር።

ስኳር እንዳለበት ካወቀ ቆይቷል። ክኒኑን ይውጣል፣ ጣፋጭ ይሸሻል፤ በሽታው ግን ሳያንኳኳ በሌላ በር ገባ። እኔ ያየሁት የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ፣ ምሳ ላይ ነው። በራቸውና በሬ ፊት ለፊት ስለሆነ እሑድ እሑድ እነሱ ዘንድ እበላለሁ። የሾርባው ድስት እሳት ላይ ነበር። ጋሽ ስስ ተነሣና የብረት ክዳኑን በባዶ እጁ አንሥቶ፣ ክዳኑን እንደያዘ፣ ስለ አንድ ጫማ ሊያወራን ዞረ። ስለ ጫማው ጨርሶ ተናገረ። ክዳኑ ግን ከእሳት የወጣ ነበር።

«ሰውዬ! እጅህ!» ሚስቱ ዘልላ ነጠቀችው። እሷ «ወይኔ!» ብላ ክዳኑን ወለሉ ላይ ጣለችው። እሱ ጣቶቹን አያቸው። ቀይ ሆነው ነበር።

«አልሞቀም እኮ» አለ።

«አልሞቀም? የእኔ እጅ ተላጠ እኮ!»

«አንቺ ድሮም ቅምጥል ነሽ።»

ማንም አልሳቀም። እጁን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረችለት፤ ማንኪያ ለማንሣት ስትዞር ቀና ብሎ ሁለታችንንም አየን። «ለልጅቷ እንዳትነግሯት» አለ። «የማይረባ ነገር ነው። ልቧ በሥራዋ ላይ ይሁን።»

እሺ አልን። ሚስቱ ብዙ የምትናገር ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን «እሺ» ብላ ሳህን አነሣች።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ልጅቱ ደረጃ ላይ አገኘችኝ። እናትና አባቷን ጠይቃ ስትወርድ፣ እኔ ዳቦ ይዤ ስወጣ። የፍሉቷን ሣጥን በግራ ትከሻዋ ነበር ያንጠለጠለችው፤ ሌላ ጊዜ በቀኟ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለችኝ። «ግን እንደ መምህር ሳይሆን እንደ ሰው ነው የሚመልሱልኝ።»

«እንደ ሰው ከመለስኩ ቆይቷል፤ እሞክራለሁ።»

ሣጥኑን ደረጃው ላይ አኖረችና ቀኝ እጇን ዘረጋችልኝ። ከክርኗ እስከ አንጓዋ አብጦ ነበር። «አባዬ የሚገጥማቸው ፓዶች ይሾልካሉ» አለች። «ከአምና ጀምሮ ነው። ቀስ ብዬ ስነካ ዝቅተኛዎቹ ድምፆች አይወጡም። ስለዚህ እጫናለሁ። ስጫን ይወጣሉ። ማንም አላወቀም።»

«ለምን ሌላ ሰው አታሳይም?»

«አባዬ ሌላ ሰው የነካውን ፓድ ከሩቅ ነው የሚያውቀው። ያውቃሉ እኮ! በየወሩ 'አምጫት ላጽዳት' ይለኛል። ምን ልበለው? 'አባዬ፣ የአንተ ከሽፏል፣ ሌላ ሰው ጋ ወሰድኩት' ልበለው?» እንባዋ መጣ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። «ልንገረው ወይስ ዝም ልበል?»

ስለ ክዳኑ ልነግራት ይገባ ነበር። ቃል ገብቻለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ብልም ባልከፋ፤ ምክር ሰጠሁ። ሰው የራሱን ውድቀት ራሱ ሲያየው ክብሩ አብሮት ይኖራል፣ ሌላ ሰው ሲያሳየው ግን ይገፈፋል፤ ስለዚህ ትንሽ ጊዜ ስጪው፣ እሱ አስተዋይ ሰው ነው፣ በራሱ ይደርስበታል አልኳት። ያማረ ንግግር ነበር። እንደተናገርኩት እኔን ራሴን ደስ አለኝ።

እሷ እጇን አየችና ፈገግ አለች። «ጋሼ፣ ፍልስፍናዎ ያሳብጣል እኮ» አለችኝ። ሣጥኗን በግራ ትከሻዋ አንጠልጥላ ወረደች። ምክሬንም ተቀበለች።

ስለ «ስስ» ቃል ያሰብኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ጨርቅ ሲያልቅ ሳሳ እንላለን። የፓድ ሽፋንም ይሳሳል፤ ሲሳሳ ይቀደዳል። ሰው ደግሞ ለሚወደው ይሳሳል፤ እንዳይሰበርበት፣ እንዳይነካበት ይፈራል። አንድ ቃል ነው። ቋንቋውን የሠሩት ሰዎች ለምን አንድ እንዳደረጉት ድሮ ቢጠይቁኝ ሥሩን መዝዤ አስረዳ ነበር። አሁን ቢጠይቁኝ፣ ሁለቱም የሚያልቁ ነገሮች ስለሆኑ ነው እላለሁ።

ሌላ አንድ ዓመት ያህል እንዲሁ ሄደ። በዚያ ኦርኬስትራ ሕግ በየአምስት ዓመቱ የመጀመሪያ ወንበር የያዘ ሁሉ በኮሚቴ ፊት እንደ አዲስ ይፈተናል፤ ያለፈ ይቀመጣል፣ የወደቀ ይነሣል። የልጅቱ ተራ ሊደርስ ስድስት ሳምንት ሲቀረው አባትየው እጇ ሻይ ስትቀዳ ሲንቀጠቀጥ አየ።

«እጅሽ ምን ሆኗል?»

«ደክሞኝ ነው አባዬ።»

ፍሉቷን ያን ዕለት ተቀብሎ ወደ ሥራ ክፍሉ ወረደ፤ በየወሩ ሲያጸዳ የማይፈታቸውን ቁልፎች ፈታ፤ ፓዶቹን አየ። ከሰዓት በኋላ ስደርስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «እጇ ከብዷል» አለኝ። «እየው! ጉድጓድ ነው። ይሄ የእሷ እጅ አይደለም።»

ማታውኑ በቤታቸው ተቆጣት። «እናቴ፣ ምን ነካሽ? ፍሉት ነው የምትነፊው ወይስ ሚስማር ነው የምትመቺው? እንደዚህ ነው ያስተማርኩሽ? ለዚህ ነው ክንድሽ የሚያምሽ!»

እናትየዋ እኔን አየችኝ። እኔ የጠረጴዛውን ልብስ አየሁ። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ፣ «እሺ አባዬ፣ አስተካክላለሁ» አለች።

«እኔ ደግሞ ሁሉንም ፓድ እቀይርልሻለሁ። እንደ አዲስ። ትንፋሽሽ ብቻ ነው የሚፈለገው፤ ጣትሽን እረፊ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሠራ። ያን ያህል ሲጠነቀቅ አይቼው አላውቅም። እያንዳንዱን ፓድ ገጠመ፣ ወረቀት ሳበ፣ አወጣ፣ አነጠፈ፣ መለሰ፣ ሳበ። ወረቀቱ በሁሉም ጎን ያዝ ሲያደርግለት ዓይኑን ይጨፍንና «አሃ» ይላል። ከጎኑ ተቀምጬ አይ ነበር። ቁልፉን የሚነካበት ጣት ጥፍሩ ነጭ እስኪሆን ድረስ ሲጫን አየሁ። እሱ ላባ እየነካሁ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ስለ ፓድ ምንም የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ጥፍር ሲነጣ ግን አውቃለሁ። አፌ እስኪከፈት ደረሰና፣ «ሻይ ላምጣልህ?» አልኩት።

ፈተናው የተደረገው ረቡዕ ከሰዓት ነው። ጋሽ ስስ አዳራሹ ውስጥ መግባት ስላልተፈቀደለት ሁለታችን ከመድረኩ ሥር ተቀመጥን። በጣሪያው በኩል እርምጃዋ ተሰማ፤ ከዚያ ጸጥታ፤ ከዚያ የፍሉቱ ድምፅ። ቀርፋፋ፣ ዝቅ ብሎ የሚጀምር ዜማ ነው። እሱ ሁለት እጆቹን አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ዘርግቶ ጣቶቹን አብሯት ያንቀሳቅሳል። የመጀመሪያው ገጽ ደህና ሄደ። ሁለተኛው ላይ ወደ ታችኞቹ ድምፆች ወረደች። አንዱ ድምፅ ወጣ፤ ሁለተኛው ሻከረ፤ ሦስተኛው ለሁለት ተሰንጥቆ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ቆመች። እንደገና ጀመረች። እዚያው ቦታ ስትደርስ ምንም አልወጣም፤ ቁልፎቹ ብቻ ይንኳኳሉ።

«እጇ ነው» አለ፤ ከንፈሩ ደርቋል። «ነግሬያት ነበር። እጇ ከብዷል።»

ሻይ ላመጣለት ተነሣሁ።

ሐኪሙ የክንዷ ጅማት ለረጅም ጊዜ ከአቅም በላይ ተጎትቷል አለ። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ጉልበት አጥተዋል፤ ከወረዱም በጊዜ አይነሡም። ወንበሯ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እሷ ወንበሩን ይህን ለመናገር ከሚፈጅብኝ ጊዜ በፈጠነ ሁኔታ ተወችው፤ ከዚያ ወዲያ እኔ ፊት ያለቀሰችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ የካፖርቷን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷት።

በሳምንቱ ጋሽ ስስ ወደ ሥራ ክፍሉ «አብረን እንውረድ» አለኝ። የልጁን ፍሉት ጠረጴዛው ላይ አኖረና ቁልፎቹን ይፈታ ጀመር። ሦስት ሳምንት ብቻ የተነፋባቸው አዲስ ፓዶች ናቸው። በመስኮቱ ጫማዎች ያልፋሉ። የመጀመሪያውን ፓድ ገልብጦ አየ። መስመሩ ጥልቅ ነበር።

«በሦስት ሳምንት!» አለ። «እንዲህ ረግጣ ነዋ ክንዷን የጨረሰችው። ማን አስተማራት? እኔ አላስተማርኳትም።»

አንድ በአንድ ደረደራቸው። ከዚያ ምን እንዳሰበ አላውቅም፣ ከመደርደሪያው ሌላ ሣጥን አወረደ። የአንዲት የሙዚቃ መምህርት ፍሉት ነው። ከልጁ ጋር በአንድ ሰሞን፣ ከአንድ ጥቅል በወጡ ፓዶች ገጥሞት ነበር፤ ሴትየዋ ታማ እስካሁን አልወሰደችውም። «እስቲ ያልተነፋበት ፓድ ምን እንደሚመስል ላሳይህ፤ ልዩነቱን እንድታየው» አለኝ። ቁልፉን ፈታ። ፓዱን ገለበጠ።

ወደ መስኮቱ አስጠጋው። ሁለተኛውን ፈታ። ሦስተኛውን።

«መምህር» አለ፤ «ና እስቲ፣ ዓይኔ ከሆነ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ እኔም አየሁት። ጥልቅ፣ ክብ ጉድጓድ። በልጅቱ ፓድ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው።

«ይሄን ማን ነፋው?» አለኝ።

«ማንም» አልኩ።

«ከእኔ በቀር ማንም አልነካውም።»

«አዎ።»

ቀኝ እጁን አነሣና አመልካች ጣቱን አየ፤ የሌላ ሰው ዕቃ በስሕተት ኪሱ ውስጥ እንዳገኘ ሰው። የጠረጴዛውን ጠርዝ ተጫነው። ጥፍሩ ነጣ። «አሁን እየነካሁ ነው የመሰለኝ» አለ። «እንዲሁ እየነካሁ።» ከዚያ ፓዶቹን ሳይሰበስብ፣ በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ተከተልኩት።

ቤት ስንደርስ እናትና ልጅ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ነበሩ፤ ልጅቱ ክንዷን በሞቀ ፎጣ ጠቅልላለች። ካፖርቱን ሳያወልቅ ከፊቷ ተቀመጠ።

«ይሾልክ ነበር?»

ልጅቱ እናቷን አየች።

«እኔን እይኝ። ይሾልክ ነበር ወይ?»

«አዎ አባዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት ይሆናል።»

«ሁለት ዓመት!» አለ። «ስቆጣሽ እንኳ አልተናገርሽም። ሚስማር ነው የምትመቺው ስልሽ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሳሳሁልሃ» አለች። «ያለዚህ ሥራ ምን ትሆናለህ ብዬ ሳሳሁልህ።»

ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ጣቴ እንደሞተ ታውቂያለሽ። እሷ ጋ እንደሚደርስ አላሰብሽም?»

«አስቤያለሁ» አለች ሚስቱ። ሁልጊዜ መልስ የማታጣ ሴት፣ በጉልበቷ ላይ ያለውን ፎጣ ማጠፍና መዘርጋት ብቻ ሆነ ሥራዋ። «በየቀኑ ነው ያሰብኩት። አትንገሪ አልከኝ፤ ዓይንህን አይቼ አቃተኝ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። በሩ አጠገብ እንደቆምኩ ነበርኩ።

«መምህር፣ አንተስ?»

«ሁለቱንም አውቅ ነበር» አልኩት። «የአንተን ከአንተ፣ የእሷን ከእሷ። እንዳትነግርህ የመከርኳት እኔ ነኝ።»

ልጅቱ ልትከላከልልኝ «አባዬ፣ ጋሼ እኮ…» ብላ ጀመረች፤ እጁን አንሥቶ አስቆማት። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን ሦስታችንንም በተራ አየን፤ እንደ ዘመድ ሳይሆን፣ ተርታ አስይዞ እንደሚመረምራቸው ፓዶች።

«ሦስታችሁም ሳሳችሁልኝ» አለ። «የሚጨክንብኝ አንድ ሰው አጣሁ።»

የሥራ ክፍሉን ቁልፍ በማግስቱ አስረከበ። ኦርኬስትራው አሁን ፍሉቶቹን ለጥገና ወደ ሌላ ከተማ ይልካል። ልጅቱ እዚያው መሥሪያ ቤት የኖታ ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ ነፊዎቹ የሚያነቧቸውን ወረቀቶች በግራ እጇ ትለያለች፣ ትደረድራለች፣ ታድላለች። ሥራው አይከብድም ትላለች። ክላርኔት ነፊው አልፎ አልፎ ቤቱ እየመጣ ጋሽ ስስን ሊያስቀው ይሞክራል፤ ሰው አክባሪ ነውና ጋሽ ስስ ይስቅለታል።

እኔን ለሁለት ወር አላነጋገረኝም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣውን ያነሣል፤ ያልፋል። እሑድ ምሳዬን ብቻዬን በላሁ። ስለ ክብርና ስለ ውድቀት ያልኩትን ያን ያማረ ንግግር ብዙ ጊዜ ለራሴ ደገምኩት፤ የት ላይ እንደሚሾልክ ለማግኘት። በየትኛውም ጎኑ ያዝ ያደርጋል። የተጫንኩት እኔው ስለሆንኩ ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት በሬን አንኳኳ። ገብቶ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ላይ እጆቹን አኖረ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፤ ስለ ጤናው ጠየቅሁት።

«የእጇን ነገር ሁሉም እንደሚድን ይነግሩኛል» አለ በመጨረሻ። «እናቷ 'ቀስ በቀስ ይመለሳል' ትላለች። እሷ ራሷ 'እየተሻለኝ ነው አባዬ' ትላለች። ክላርኔቱ 'በዓመቱ ትነፋለች' ይላል። ባለፈው ሐኪም ቤት አብረሃት የሄድከው አንተ ነህ። ሰውየው ምን አለ?»

ሐኪሙ ያለውን አውቃለሁ። ደረጃው ላይ ለእናትየው ምን ብለን እንደምንነግራት ከልጅቱ ጋር ተስማምተን ነበር የመጣነው። ጎረቤቴን አየሁት። ሊያቅፉት የሚያሳሳ ፊት ነበረው፤ ያረጀ፣ የተላጨ፣ አገጩ ሥር ምላጩ የሳተው ትንሽ ነጭ ጢም የቀረበት። ለአንድ አፍታ ሻይ ላምጣልህ ልል ነበር።

«አይመለስም» አልኩት። «ማንኪያ ትይዝበታለች፣ ትጽፍበታለች። ፍሉት ግን አትነፋበትም። እንዲህ ነው ያለው።»

ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ነቀነቀ። መስኮቱን፣ ከመስኮቱ ማዶ ያለውን ግድግዳ አየ። ከዚያ ተነሣ፤ ትከሻዬን ይዞ ጨመቀኝ፤ ጨርሶ ሳይታወቀው፣ እስኪያመኝ ድረስ። እንዳመመኝ ነገርኩት።